ስንዝር ላስቲክ ይዘን ባስ ስናታልል

ሥራ ለቅቄያለሁ። ዕድሜዬ ገና ሃምሳ አራት ስለሆነ ለጡረታ አይበቃም፤ ቢሆንም ለቅቄያለሁ። ይህንኑ ለጎረቤታችን ለእትዬ አስቴር ስነግራቸው፣ አሥራ ሰባት ዓመት አንድ አጥር ተካፍለን ኖረንም፣ "ለመሆኑ ሥራህ ምን ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

"እትዬ፣ ከላስቲክ የውሸት ዓሣ እንሠራለን። መንጠቆ እንሰካበትና ውሃ ውስጥ እየጎተትን ባስ የሚባለውን እውነተኛ ዓሣ እናታልላለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይያዛል።"

"ጠብሳችሁ ትበሉታላችኋ!"

"አይ፣ ፎቶ እናነሳውና እንለቀዋለን።"

እትዬ አስቴር ወደ ቤታችን በር ዞር ብለው አዩ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መሠረት ታውቃለች?" አሉኝ። መሠረት ባለቤቴ ናት። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለእትዬ አስቴርና እንደ እርሳቸው ለሚታዘቡኝ ሁሉ ነው።

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ የመጣሁት በዲቪ ነው። ዲቪ ደርሶት እንደመጣ ሰው ሁሉ ሻንጣዬን ሳልፈታ ዌርሃውስ ገባሁ። ሱፐርቫይዘሬ ሳል እንኳ የያዘው ሰው ብሬክ ሰዓት ጠብቆ እንዲስል የሚፈልግ ሰው ነበር። ሦስት ዓመት ካርቶን ተሸከምኩ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ያነሳሁት ካርቶን ቢደረደር ከዚህ እንጦጦ ድረስ ይዘልቃል፤ የተረፈው ደግሞ ለመመለሻ ይበቃል።

ከዚያ ያወጡኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ጋሼ ደምሴ ጥንት በሱዳን በኩል በስደት ከመጡት ቀደምቶች አንዱ ናቸው። የመኪና ዕቃ የሚቀርጽ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባቸው ዓሣ ለማጥመድ ይዟቸው ሄደ። ሌላው ሰው ውሃውን ሲያይ እርሳቸው ቀኑን ሙሉ ያዩት እጃቸው ላይ የነበረውን የላስቲክ ዓሣ ነበር። "ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሏል" አሉ። በዓመቱ ከኮሎምበስ አጠገብ ሂሊያርድ ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ።

እኔን የመረጡኝ በማጥመድ ችሎታዬ አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ዓሣ የማውቀው ሳህን ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ ኮል አደረጉኝ።

"ሰይፉ፣ ባለፈው እሑድ ዝክሩ ላይ ጠላ ስትቀዳ አይቼሃለሁ" አሉኝ።

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ለሃምሳ ሰው ስትቀዳ ጠብታ አላፈሰስክም። ሰኞ ና።"

ክፍያው ከዌርሃውሱ ያንስ ነበር። መሠረት የቤት ዕዳችንን፣ የሞርጌጁን ወረቀት ፊቴ ላይ አውለበለበችው። እኔ ግን ሰኞ ከሰፈራችን ከክሊንተንቪል ሂሊያርድ ነዳሁ።

ሥራው የሚጀምረው ከመቅዳት ነው። ፈሳሹ ላስቲክ ሲመጣ ወተት ይመስላል። ሲሞቅ መጀመሪያ እንደ ገንፎ ይወፍራል፤ ከዚያ ድንገት ጠርቶ ማር ይሆናል። ቀለሙ፣ ብልጭልጩ፣ ለክብደት ደግሞ የተፈጨ ጨው የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አሉሚኒየሙ ቅርጽ ውስጥ ትቀዳለህ። መሃል ላይ ካቆምክ ዓሣው ወገቡ ላይ መጋጠሚያ ያወጣና መጀመሪያ የነከሰው ባስ ለሁለት ይከፍለዋል። እኛ የምንሠራው ትልልቁን፣ ስንዝር ሙሉ የሚሆነውን ነው። ጀርባው ላይ ቦይ አለው፤ ጅራቱ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ነው፤ መልኩ እዚህ አካባቢ በተገደበው ወንዝ ውስጥ የሞላውን ሻድ የሚባለውን ብርማ ዓሣ ይመስላል።

በመጀመሪያው ወር ለባለቤቴ ላሳያት ብዬ ሁለት ዓሣ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ለስላሳ ላስቲክ ከደረቅ ፕላስቲክ ጋር ካደረ እንደሚያቀልጠው የነገረኝ የለም። ጠዋት ዓሣዎቹ ከምሳ ዕቃው ጋር ተጋብተው አንድ ሥጋ ሆነው አገኘናቸው። መሠረት ያንን ምሳ ዕቃ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ታሳያለች።

የወርክሾፑ እምብርት ግን መታጠቢያ ገንዳ ነበር። ከፈረሰ ቤት የመጣ፣ አራት እግር ያለው፣ እንደ ዝሆን የከበደ የብረት ገንዳ። ጋሼ እስከ አፉ ውሃ ሞልተው መሃል ወርክሾፑ አኑረውታል። መንጠቆ የተሰካበት ዓሣ ሁሉ እዚያ ውስጥ በክር ተጎትቶ ካልተፈተነ ከበሩ አይወጣም። መልኩ ያማረ፣ ሲጎተት ግን የሚሽከረከር ዓሣ ለጋሼ ኃጢአት ነው። የሚሽከረከር ዓሣ ክሩን ይገምደዋል፤ የተገመደ ክር ይቋጠራል፤ የተቋጠረ ክር ትልቁ ዓሣ በመጣበት ቀን ይበጠሳል። ሌላው አጥማጅ ይህን ፈርቶ ክሩ ላይ የምትዞር ትንሽ ቀለበት ያስገባል። ጋሼ ቀለበቷን ይንቋታል። "ቀጥ ብሎ ለተሰካ ዓሣ ምርኩዝ ምን ያደርግለታል?" ይላሉ።

መሰካቱን ያስተማሩኝ አጠገቤ ቆመው ነው። መንጠቆው አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ ሆዱ የሰፋ ትልቅ መንጠቆ ነው። ጫፉን በአፍንጫው መሃል ታስገባለህ፤ ጥፍር ያህል ከሄደ በኋላ በአገጩ ታወጣዋለህ። ከዚያ መንጠቆውን አዙረህ የታጠፈው አንገቱ አፍንጫው ውስጥ እስኪቀረቀር ትስበዋለህ። ቀጥሎ ያለው ነው ሰውን የሚለየው። ዓሣውን አንጠልጥለህ መንጠቆውን ጎኑ ላይ ታስተኛለህ፤ ጉብጠቱ ሆዱን የሚነካበትን ቦታ በጥፍርህ ምልክት ታደርጋለህ፤ እዚያው ላይ ከሆድ ወደ ጀርባ ቀጥ አድርገህ ትወጋለህ። ጫፉ በጀርባው ቦይ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ሣር እንዳይዘው የላስቲኩን ቆዳ በስሱ ታለብሰዋለህ። ምልክትህን አሳልፈህ ከወጋህ ዓሣው ይሸበሸባል፤ ሳትደርስ ከወጋህ ይጎብጣል።

የመጀመሪያውን ስሰካ፣ "ምን ታያለህ?" አሉኝ።

"ዓሣ።"

"እኔ የማየው ሰካራም ነው። አውጣው።"

ሁለተኛውን ሰካሁ። "ይሄስ?" አልኳቸው።

"ይሄ ሰካራሙን ሊሸኝ የወጣው ወንድሙ ነው። አውጣው።"

የዚያን ቀን አርባ ሺህ ዓሣ ሰካሁ። መሠረት አርባ ነው ትላለች፤ እሷ ግን አልነበረችም።

ጋሼ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ደስ ሲላቸው ዓሣውን ተቀብለው ይቃኙትና ያለ አንድ ቃል ወደ ሳጥኑ ይከቱታል። ለዚያ ዝምታ ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ ጣቴን ስወጋ ከረምኩ።

ውሃ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ነበሩ። ደብሊን ከምትባለው የኮሎምበስ ጎረቤት ከተማ በስተሰሜን የሳዮቶ ወንዝ የተገደበበት ረጅም ውሃ አለ። ጥቅምት ሲገባ ሻዱ በመንጋ ወደ ገባር ወንዞቹ አፍ ይሄዳል፤ ባሱም ይከተለዋል። ጋሼ ዓሣቸውን ውሃ ውስጥ ከወደቀ እንጨት አጠገብ ይወረውሩና የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ያቆማሉ። ምት፣ ምት፣ ዝም። ምስጢሩ ክሩ ላላ ማለቱ ነው። ላላ ያለ ክር ላይ ስትመታ ላስቲኩ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይስታል፤ ስታቆም ደግሞ ነፍሱ እንደምትወጣ ሻድ እየተንቀጠቀጠ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ባሱ የሚመጣው በዝምታው ነው።

ሲመጣ ውሃው እንደ ድስት ይፈላል። ያኔ ሰው ሁሉ ደንግጦ ይጎትታል፤ ጎትቶም የራሱን ላስቲክ ከዓሣው አፍ ነጥቆ ያወጣል። ስንዝር የሚያህል ምግብ በአንድ ጉርሻ አይገባማ! ባሱ መጀመሪያ ግማሹን ይይዛል፣ ከዚያ ነው የሚያስተካክለው። ለዚህ ጋሼ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ውሃው ሲፈላ ዘንጉን ሳያነቃንቁ ረጋ ብለው፣ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን" ይላሉ። አሜን ላይ ክብደቱ ክሩ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ዘንጉን በሰፊው ወደ ጎን ይጠርጉታል። አንድም ቀን በስመ አብ ሳይሉ ሲስቡ አላየሁም። ኦሃዮ ውስጥ ጸሎት ሰምተው ከውሃ የወጡ ባሶች ሁሉ የጋሼ ናቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እየዘገየሁ መሆኑን ታውቃላችሁ።

አንድ ዓመት ሥራው ቀዘቀዘ። ሁለቱ ዋና ደንበኞቻችን ሱቃቸውን ዘጉ፤ ጋሼም ካልተሻሻለ ከገና በኋላ ወርክሾፑን እንደሚዘጉ ነገሩኝ። በዚህ መሃል ሻሮን የምትባል ሴት ደወለች። ብዙ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቆች ላሉት አንድ ድርጅት ዕቃ የምትመርጥ ናት። ሱቆቿ ውስጥ ካስገባችን ወርክሾፑ ይተርፋል፤ ካላስገባችን ያ መታጠቢያ ገንዳ ወደ ቁራሌው ነው። "ዓሣችሁ አይሽከረከርም ይባላል። ውሃ ላይ አሳዩኝ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ጀልባ ላይ ወጣን። ጋሼ ክራቫት አስረው ነበር። ለባስ ክራቫት ያሰረ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዓሣውን ከሳጥኑ አወጡና በእርሷ ፊት መስካት ጀመሩ። አፍንጫ፣ አገጭ፣ ማዞር፣ መለካት፣ ወደ ጀርባ። እጃቸው አልቸኮለም። ጫፉ ግን በቦዩ መሃል አልወጣም። የስንዴ ፍሬ ታህል ወደ ግራ ወጣ።

አየሁት፤ ጥርት አድርጌ አየሁት።

እንግዲህ ፍረዱ። ያስተማሩኝ ሰው፣ አባቴ የሚሆኑ ሽማግሌ፣ ክራቫት አስረው፣ በእንግዳ ፊት "ጋሼ፣ ጠሟል" ልበላቸው? አፌ እሺ አላለኝም። ምናልባት ውሃው ያቀናዋል ብዬ ለራሴ ዋሸሁ። ክሩን ከመገመድ የምታድነው ቀለበትም የለች። ዓሣውን ለሻሮን ያቀበልኳት እኔው ነኝ፤ ያውም ፈገግ ብዬ።

ወረወረች። ዓሣው እንደ ድሪል እየተሽከረከረ መጣ። ደጋግማ ወረወረች፤ ክሩ ማጠንጠኛው ላይ ፀጉር መስሎ ተንጨፈረረ። በዚያ ሰዓት ነው ውሃው የፈላው። ምን እንደፈላ ልንገራችሁ፤ ጀርባውን አይቻለሁ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ያህላል። ሻሮን ሳበች። የተቋጠረው ክር የዘንጉ ጫፍ ላይ ያዘና፣ ጧ! ዓሣው የጋሼን ላስቲክ ከነመንጠቆው በአፉ እንደያዘ ሄደ።

ሻሮን ጨዋ ናት፤ አልጮኸችም። "ዓሣችሁ ይሽከረከራል" አለች ብቻ። ወደ ውሃው ዳርቻ መልሰናት ተሰናበትናት።

እርሷ ከሄደች በኋላ ጋሼ የተረፈውን ክር በጣታቸው መሃል አሳለፉት። ግምዱን ዳሰሱት።

"ሰይፉ።"

"አቤት ጋሼ።"

"አይተህ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር፤ በውሸት የታወቅኩ ሰው ነኝ። "አይቼ ነበር" አልኩ።

"ምነው ዝም አልክ?"

"በእንግዳ ፊት እንዴት ልናገር ጋሼ? አፈርኩ።"

"አንተ ስታፍር ዓሣው ነገረኝ። እሱ እንግዳ አይፈራም።"

ከዚያ ክራቫታቸውን ፈቱና የጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከፋሲካ ወዲህ በግራ በኩል ጭጋግ እንደሚያዩ፣ ጭጋጉም ወደ መሃል እየመጣ እንደሆነ ነገሩኝ።

"ለማን ነገሩ?"

"ለማንም።"

"ለሐኪምስ?"

"ለሐኪም ከነገርኩትማ እውነት ይሆናላ!"

ሰኞ ዕለት እኔው ነድቼ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ግላኮማ ነው አለች፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ጠብታው ያቆየው ይሆናል። ጋሼ በመኪና ስንመለስ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ "የቀረውንማ እኛም እናቆየዋለን።"

ለሻሮን ደወልኩ። ዓሣው ጥፋት እንደሌለበት፣ ሲሰካ ጠሞ እንደነበር፣ እኔም አይቼ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ባስን በባዶ እጅ ከመያዝ ይከብዳል። ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩ። በመጨረሻ ሳቀች። "እናቴ ኬንታኪ ናት። ያሳረረችውን የበቆሎ ዳቦ አርባ ዓመት ሙሉ ጣፋጭ ነው እያልኩ በልቻለሁ" አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ጨመረችልን።

በዚያ ቅዳሜ ጋሼ፣ "እኔ ነኝ የምሰካው" አሉ። ልከለክላቸው አልቻልኩም። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ብቻ ሰኩ። ወደ እኔ ዞሩ። ሻሮንም ወደ እኔ ዞረች። በጥቅምቱ ብርድ ጎንበስ ብዬ የዓሣውን ቦይ አየሁ።

"ጋሼ፣ ጠሟል" አልኩ።

አወጡት። ደግመው ሰኩ።

"አሁንም ጠሟል።"

ሦስተኛ ጊዜ ሰኩ። ይሄ ትንሽ ነበር፣ የጤፍ ፍሬ ያህል። ባልፈው ማንም አያውቅም።

"ጋሼ..."

"በቃ" አሉ። ዓሣውንና መንጠቆውን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፏቸው። "ከዛሬ ጀምሮ የምትሰካው አንተ ነህ።" ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ዳግመኛ መንጠቆ አልሰኩም።

አዲስ ዓሣ አውጥቼ ሰካሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሻሮን ወረወረች። ምት፣ ምት፣ ዝም። ዓሣው ወደ ግራ ሳተ፣ ወደ ቀኝ ሳተ፣ ቆሞ ተንቀጠቀጠ፤ አንዴም አልተሽከረከረም። ከወደቀው ግንድ ሥር ውሃው ፈላ። ሻሮን ልትስብ ስትል ጋሼ ከኋላዋ፣ "በስመ አብ!" ብለው ጮኹ። ደንግጣ ቆመች። ጋሼ ግን አልቸኮሉም፤ ወልድንም መንፈስ ቅዱስንም በየተራ ጠሩ። አሜን ሲሉ እጃቸውን ወደ ጎን ጠረጉ፤ ሻሮንም እርሳቸውን አይታ ጠረገች። ዘንጉ ጎበጠ፤ ጀልባው አብሮ ጎበጠ።

ያን ባስ እኔና ሻሮን ሁለታችን ነን ያወጣነው። ክብደቱን አልናገርም፤ ብናገር አታምኑኝም፣ ባታምኑኝም ልክ ናችሁ። ሻሮን አፉን ይዛ አንድ ጊዜ አየችውና ወደ ውሃው መለሰችው። ከዚያ፣ "ቅድም ያሉት ቃል ምንድነው? ለሠራተኞቼ ላስተምር" አለች። ዛሬ በኦሃዮ ውሃዎች ላይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚያጠምዱ ፈረንጆች ካያችሁ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ወርክሾፑ ገናን አለፈ፤ ከዚያም ብዙ ገናዎችን አለፈ።

ጋሼ መስካት ካቆሙ በኋላ እኔ ጀልባውን ያዝኩ። የሱቆቹን ሰዎችና ደንበኞች እያወጣሁ ማሳየት ሥራዬ ሆነ። ጋሼ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ብርሃንና ጨለማ ብቻ የሚለይ ሆነ፤ እርሳቸው ግን ክሩ ውሃውን ሲቆርጥ ሰምተው ዓሣው በየት በኩል እንደሳተ ይናገሩ ነበር። እንግዶቹ አስማት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያንን ገንዳ አስታውሳለሁ፤ ሰውዬው በዚያ ውሃ ላይ ጎንበስ ብለው ሃያ ዓመት ሙሉ ያዳመጡ ናቸው።

ያለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ሁለታችን ብቻችንን ወጣን። ወረወርኩ። ምት፣ ምት፣ ዝም።

"ሁለተኛዋ ምት ምን ሆነች?" አሉ ጋሼ።

"ምን ሆነች?"

"ታነክሳለች።"

"ንፋሱ ነው ጋሼ።"

"ንፋስ የለም።"

እንደገና ወረወርኩ፤ ጥርሴን ነክሼ መታሁ። ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ዛገ ማጠፊያ ጮኸ። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለመሠረት በክፉ ጎኔ ተኝቼ ነው እላታለሁ፤ ለደንበኞቹ እናንተ ወርውሩ፣ መማር በተግባር ነው እላቸዋለሁ፤ ኪኒኑን ደግሞ የቪታሚን ብልቃጥ ውስጥ ነው የምደብቀው። በቀን ሺህ ጊዜ እየመታህ ስንት ዓመት ትኖራለህ? ግን ይህን ከተውኩ ምን ነኝ? ጠላ የሚቀዳ ሰው።

"ትከሻህ ነው" አሉ።

ዘንጉን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩ።

"ሰይፉ፣ ያኔ ጠሟል ስትለኝ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በነጋታው ግን እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። አሁን እውነቱን የመናገር ተራው የእኔ ነው። አልቋል ልጄ። ዘንጉን አምጣ።"

ሰጠኋቸው። ክሩን ቀስ ብለው ጠቀለሉና ላስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት።

"እንዴት አወቁብኝ ጋሼ?" አልኳቸው። "መሠረት አላወቀችም፤ ደንበኞቹ አላወቁም፤ ከሰው ሁሉ ደብቄው ነበር።"

ጋሼ ደምሴ ፊታቸውን በእኔ በኩል ሳይሆን በውሃው በኩል አድርገው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ከሰው ዓይን መደበቅህስ ይሁን" አሉ። "ከእኔ ምኑን ነው የምትደብቀው? እኔ ዕውር ነኝ እኮ!"